ወንድሜን ውል ማስፈረም ነውር ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ፣ ጀሞ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ታላቅ ወንድሜ በውክልና ያከራይልኛል፣ ኪራዩንም የሚቀበለው እሱ ነው። ከተከራዩ ጋር የተስማሙት በቃል ብቻ ነው። አሁን ተከራዩ «ሻወር ቤቱን በ38 ሺህ ብር ያሠራሁት ከኪራይ ይታሰብልሃል ተብዬ ነው» ይላል። ወንድሜ «እንዲህ ብዬ አላውቅም» ይላል። ለእኔም ላለፉት አራት ወራት የላከልኝ ጎደሎ ነው፤ ስጠይቀው «ለጥገና ወጣ» ነው መልሱ። በጽሑፍ እናድርገው እንዳልል እንዳይቀየመኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ታላቅ ወንድምን ፈርምልኝ ማለት ከባድ ነው። ግን እስቲ አሁን ያላችሁበትን እይው፤ ወረቀት ሳይኖርም ተጠራጥረሽዋል። ገንዘብሽን በልቷል ማለቴ አይደለም። ምናልባት እሱ ራሱ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለጥበቃ መዋጮ፣ ለትራንስፖርት ከኪሱ እያወጣ፣ «እሷ እንደሆነ አታየኝም» ብሎ ውስጥ ውስጡን አዝኖብሽ ይሆናል።

ከተከራዩ ጋር ያለው ውል ምርጫ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው በወረዳ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ይህ የመጨረሻው ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። ኪራዩ በቀጥታ ወደ አንቺ ሒሳብ ይግባ፤ ያኔ ማን ስንት ሰጠ የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ ያልቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሁሉም የሚረሳው ሌላኛው ወረቀት ነው፣ በአንቺና በወንድምሽ መካከል ያለው። «ውክልና አለ እኮ» ትይኝ ይሆናል። ውክልናው ወንድምሽ በስምሽ ምን ማድረግ እንደሚችል ለሌላ ሰው የሚያሳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ቤቱን እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል፤ ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ለድካሙ ስንት እንደሚያገኝ፣ ለጥገና አንቺን ሳይጠይቅ እስከ ስንት ማውጣት እንደሚችል ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእሱን ድርሻ አስቀምጪ፤ ከወር ኪራዩ አሥር በመቶ ይሁን ቁርጥ ያለ ብር፣ ብቻ በነፃ አታሠሪው። ለምሳሌ እስከ 5 ሺህ ብር ያለውን ጥገና ራሱ ይወስን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይደውልልሽ፣ ደረሰኙን ደግሞ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። የኪራይ ገቢ ግብሩን ሄዶ የሚከፍለው ማን እንደሆነም ጻፉት፤ ግብሩ ያለው በአንቺ ስም ነውና ቅጣት ቢመጣ የሚመጣው በአንቺ ላይ ነው።

አነጋገርሽም ወሳኝ ነው። «አላመንኩህም» እንዳይመስል በእሱ ጥቅም ጀምሪ። «ወንድም ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ያለ ክፍያ አደከምኩህ፣ ድርሻህን በወረቀት ላስቀምጥልህ እፈልጋለሁ» በይው። እውነትም ነው፣ አድክመሽዋል።

የ38 ሺህውን ጉዳይ ከአዲሱ ውል በፊት ጨርሱት። ተከራዩ ደረሰኝ ወይም የሠራለትን ሰው ያምጣ። ወንድምሽ ሄዶ ሻወር ቤቱን ይይና በቪዲዮ ያሳይሽ። ሥራው በእርግጥ ከተሠራና ዋጋው አግባብ ከሆነ እኔ ብሆን በየወሩ ከኪራዩ ላይ ትንሽ ትንሽ እያሰብኩ እጨርስለት ነበር፤ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ሻወሩም እዚያው ይቀራል። ስንት ወር፣ በወር ስንት ብር የሚለውን ግን ሦስታችሁም ፈርሙበት።