«መልሼ የማስተካክለው እኔው ነኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። የ9 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ከሥራ ስገባ ቤቱ ተዝረክርኮ ይጠብቀኛል። ልጆቹ ሲያግዙኝ ሁሉን ያለቦታው ስለሚያደርጉት መልሼ የማስተካክለው እኔው ነኝ። አሁን ጭራሽ ትተውታል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል? ተይው ያጥና» ይላሉ። ባለቤቴ ዝም ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆችሽ ሰነፉ አልልም። የሠሩት ዓይናቸው እያየ ሲፈርስ ተስፋ ቆርጠው ይመስለኛል። ስለዚህ ከራስሽ ጀምሪ። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተንጋዶ ቢደረደርም ተይው። አደጋ ከሌለው አትንኪው። ልጅሽ ጠዋት ማሊያውን ፈልጎ ሲያጣ፣ «የት ብናስቀምጠው ይሻል ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ትልቁን ነገር የሚማረው እዚያ ላይ ነው፤ የወሰነው ራሱ ነዋ።

ጅማ ዝናቡ ሲበረታ ቤት ውስጥ የሚከመረውን ልብስ አስቢ። ትንሿ ካልሲ ስታጣምር ቀለምና መጠን ታወዳድራለች። ለሒሳብ መሠረት የሚሆነው ይህ ማመሳሰል ነው። «ቤቱን አስተካክዪ» ግን ለ5 ዓመት ልጅ ሰፊ ትዕዛዝ ነው። «ካልሲዎቹን ብቻ» በያት። ስለ ትልቁ ደግሞ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ፣ ልጆች ከ7 እስከ 11 ዓመት ገደማ ነገሮችን በወጉ መመደብና በቅደም ተከተል መደርደር እንደሚችሉ ጽፏል። መደርደሪያውን ለእሱ ልቀቂለት። የክቱ ልብስ የት፣ የዘወትሩ የት እንደሚሆን ያቅድ። ሩብ ሰዓት ቢወስድበት ነው፤ ጥናቱን አይሻማም። እንዲያውም ደብተሩን በየትምህርቱ ለይቶ ማስቀመጥ ሲለምድ ለጥናቱም ይጠቅመዋል።

አማትሽን በልጆቹ ፊት አትሟገቻቸው። ቡና ለቀማውን እሳቸው እንዲያስተምሩ ለምኛቸው። ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውን ከደህናው መለየት ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለትንሿ አንድ እፍኝ ይበቃታል። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲለቅም የሚከፋቸው አይመስለኝም።

የባለቤትሽ ዝምታ ግን ያሳስበኛል። ልጁ «ይሄ የሴት ሥራ ነው» ማለትን የሚማረው አያቱ ከሚናገሩት ይልቅ አባቱ ከሚያደርገው ነው። ማታ ከራት በኋላ ሰሃኑን አባትና ልጅ አብረው ያንሱ። እናቱን ማነጋገርም የባለቤትሽ ድርሻ ነው። ይህን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ንገሪው።