ፋይበሩ የሚያበቃበት፣ ሬዲዮው የሚጀምርበት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያጓጉዝ ቀጭን የመስታወት ክር) እና ገመድ አልባ ጥምር ኔትወርክ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ታወሩ ፋይበር ገብቶለታል ይባላል። ታዲያ ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?

መልስ፦ ፋይበሩ የደረሰው እስከ ታወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው አየር ነው፤ እሱን ደግሞ ማታ ሁሉም ይሻማበታል። ፋይበር ሬዲዮውን አያፋጥነውም። የሚሻለው ፋይበሩን ወደ ሰዉ አስጠግቶ ትንንሽ አንቴናዎችን ማብዛት ነው፤ አንዱን የሚጋራው ሰው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፋይበርስ ቢሆን የጋራ አይደል?

መልስ፦ ነው እንጂ። በጂፖን (ብዙ ቤቶች አንድ ፋይበር በሚጋሩበት አሠራር) አንድ ፋይበር በስፕሊተር (ብርሃኑን በሚከፋፍል መሣሪያ) ለ32 ወይም ለ64 ተጠቃሚ ይከፈላል። ስፕሊተሩ መብራት እንኳ አይፈልግም። ወደ ተጠቃሚዎቹ በጋራ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ይወርዳል፤ ሽቅብ የሚሄደው የዚያ ግማሽ ነው። ሽቅብ ሲላክ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል፤ አለዚያ ይጋጫል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮ ኦቨር ፋይበር የሚሉት ምንድን ነው?

መልስ፦ ይቺን ወደድኳት። በተለመደው አሠራር ዳታው በብርሃን ይሄድና የሬዲዮ ሞገዱ አንቴናው ጋ ይፈጠራል። በዚህኛው ግን ሞገዱ ራሱ ሌዘሩ ላይ ተጭኖ ይጓዛል። አንቴናው ጋ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ መልሶ፣ አጉልቶ መልቀቅ ብቻ ነው። ከባዱ መሣሪያ ማዕከል ይቀመጣል።

መዘዝም አለው። ዋይፋይን እንውሰድ። ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ልኮ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ የሚጠብቀው በአሥር ቤት ለሚቆጠር ማይክሮ ሰከንድ ነው። ብርሃን ደግሞ ፋይበር ውስጥ ለ1 ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። 10 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 100 ሆነ ማለት ነው። ላኪው ጠፋ ብሎ እንደገና ይልካል፣ ደግሞ ይልካል። ሲግናሉ ጥርት ያለ፣ ኢንተርኔቱ ግን ድንዝዝ! የመጠበቂያ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፤ ግን ፓኬት በጠፋ ቁጥር አየሩ በከንቱ ይባክናል። ለእኔ ምላሹን አንቴናው ጋ ማስጨረስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ መሬት መቆፈር በማይቻልበት ቦታስ?

መልስ፦ በ70 እና በ80 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ሬዲዮ ወይም በአየር የሚላክ ሌዘር። የሬዲዮው ጠላት ዶፍ ዝናብ፣ የሌዘሩ ጭጋግ ነው። አቅም ካለ ሁለቱንም አጣምሩ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ ሙሉ ምልክት ያሳያል፣ ምንም አይከፍትም። ፋይበሩ ተቆርጦ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የሚነግርህ ከራውተሩ ጋር መገናኘትህን ብቻ ነው። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ላይ «ሎስ» (LOS) የሚለው መብራት ከቀላ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ደውልላቸው። ብቻ ፋይበሩን ነቅለህ በዓይንህ እንዳታየው፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።