ግፊቱ አልወርድ ሲል፣ ብሎን ከማጥበቅዎ በፊት

ጥያቄ፦ በአነስተኛ የሲንክሮትሮን ብርሃን ምንጭ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ብርቱ ብርሃን በሚያወጣ ማሽን፣ እሠራለሁ። የጨረር መስመራችንን (አየሩ ተስቦ የወጣለትን፣ ብርሃኑ የሚያልፍበትን ቱቦ) ከፍተን መስኮቱን ከቀየርን በኋላ ግፊቱ 2×10⁻⁷ ሚሊባር ላይ ሁለት ቀን ቆመ፤ ወደ ቀለበቱ የሚያገናኘው ቫልቭም አልከፈት ብሏል። ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ላጥብቅ?

መልስ፦ ለጊዜው አይንኳቸው። ሁለቱ ፍላንጆች (በብሎን የሚታሰሩት የቱቦ ጫፎች) ፊት ለፊት ገጥመው ከሆነ፣ ተጨማሪ ማጥበቅ ብሎኑን ከመጉዳት በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ቫልቩም ተዘግቶ መቆየቱ ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ በሲንጋፖር የሚገኘው ሄሊዮስ 2 የተባለ የኤሌክትሮን ቀለበት ዙሪያው 10.8 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሴኮንድ ወደ 28 ሚሊዮን ጊዜ ይዞሩበታል፤ ለሰዓታት መቆየት ያለበት የኤሌክትሮን ጨረርም በቱቦው የቀረ ጋዝ ከበዛበት በየዙሩ እየተጋጨ ይመናመናል።

መጀመሪያ ሊለዩ የሚገባዎ አየር ከውጭ እየገባ መሆኑን ወይም ግድግዳው የያዘውን እርጥበት እየለቀቀ መሆኑን ነው። ወደ ፓምፑ የሚወስደውን ቫልቭ ለጥቂት ደቂቃ ዘግተው ግፊቱን በየጊዜው ይመዝግቡ፤ በእኩል ፍጥነት ሳያቋርጥ ከወጣ ቀዳዳ አለ፣ ወጥቶ እየዘገየ ከሄደ ግን ከግድግዳው የሚወጣ ጋዝ ነው። የቀሪ ጋዝ መተንተኛ (በቱቦው የቀሩትን ጋዞች በክብደት ቁጥራቸው የሚለይ መሣሪያ) ካለዎ ነገሩን ያፀናልዎታል፦ ቁጥር 18 ከሁሉ ከላቀ ውሃ ነው። አየርን ለመለየት ግን በ32 ላይ ብቻ አይመኩ፤ ኦክስጅንን ፓምፑና የመተንተኛው የጋለ ሽቦ ስለሚውጡት ቀዳዳ እያለም ሊጠፋ ይችላል። እኔ የማምነው 40ን፣ ማለትም አርጎንን ነው፤ የአዮን ፓምፕ (ጋዝን በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ ውስጡ የሚያስቀር ፓምፕ) አርጎንን በደንብ አይስብምና።

ቀዳዳ ከሆነ መተንተኛውን ቁጥር 4 ላይ አድርገው፣ መጨረሻ ከተከፈቱት መጋጠሚያዎች ጀምረው ሂሊየም በቀጭኑ ይርጩ፤ ጋዙ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይኛው መጋጠሚያ ወደ ታችኛው ይውረዱ። ያገኙት መጋጠሚያ ከተከፈተ የመዳብ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያ ቀለበቱ) አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተጨመቀ መዳብ ዳግም አያገለግልም። ሲያስሩም ብሎኖቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተሻገሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ።

ውሃ ከሆነ መፍትሔው ማሞቅ ነው። ቱቦውን በማሞቂያ ጥብጣብና በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው፣ ሙቀቱን ቀስ ብለው ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድርሱትና አንድ ወይም ሁለት ቀን ያቆዩት። ይህ የሚሆነው ግን መስኮቱና የጎማ ጓርኒሲዮኖቹ የሚችሉት ሲሆን ብቻ ነው፤ የቤሪሊየም መስኮት ካለዎ በአምራቹ ወሰን ይገደቡ፣ አይፋቁት፣ አቧራው መርዛማ ነው። ማንኛውም ያልሞቀ ክፍል የወጣውን ውሃ መልሶ ይሰበስባልና አንድም ክርን ራቁቱን አይተዉ። ቱቦው ገና ትኩስ ሳለ የግፊት መለኪያዎቹንና የመተንተኛውን ሽቦ በማጋል ጋዝ ያስለቅቁ። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩን ስትከፍቱ ደግሞ በክፍሉ አየር ፈንታ በደረቅ ናይትሮጅን ሙሉት፤ ያን ጊዜ የሚገባው እርጥበት እጅግ ያንሳል።