መልስ፦ ሉዓላዊነቱ ከካዚኖ ያለፈ ነው

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሉዓላዊ ናቸው ሲባል ከካዚኖ (ከቁማር ቤት) ሌላ ምን አላቸው?» ላልከው ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱ ስለሆኑት፣ በኦክላሆማ ግዛት ስላሉት ቼሮኪዎች ልንገርህ።

የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አላቸው። ዋና ከተማቸው ታሌኳ ነው። የመኪና ታርጋ ሳይቀር ራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ገቢ 38 በመቶው ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል፤ እዚያ የሚማሩት ደግሞ የቼሮኪ ልጆች ብቻ አይደሉም። ካዚኖው ገንዘብ ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን ባለቤቱ ሕዝቡ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ሴኮያ የተባለ ቼሮኪ በ1821 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፊደል ሠራላቸው። እንደኛው «ለ» እና «ሉ» ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚይዝ ፊደል ነው፣ ደስ አይልም? በኋላ ግን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ከቋንቋቸው ነጠሏቸው። ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት 2,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም አዛውንት። ስለዚህ በ2001 ልጆችን በቼሮኪኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ2019 ምክር ቤታቸው ቋንቋውን ለመታደግ ሕግ አውጥቶ 16 ሚሊዮን ዶላር መደበ። የራስ ምክር ቤት ባይኖር ይህን ማን ይወስንላቸው ነበር?

መደገፍ ከፈለግክ የእጅ ሥራቸውን ከራሳቸው ግዛ። አስመስሎ የተሠራውን «የነባር ሕዝብ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ በ1990 በወጣ የፌዴራል ሕግ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ማን እንደሠራው ሻጩን ጠይቀው።