ብቻዬን ሰፍቼ መኖር እችላለሁ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቢሮ ትሠሪያለሽ፣ ማታ ማታ ለዘመድና ለጓደኛ የሐበሻ ልብስ ትሰፊያለሽ፣ ያየው ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" ይልሻል። አሁን ሥራሽን ለቅቀሽ፣ ሠራተኛ ሳትቀጥሪ፣ በራስሽ ስም መሥራት አምሮሻል። ዋጋ እንዴት ልተምን፣ ሱቅ ልከራይ ወይ፣ ደሞዜን ይተካልኛል ወይ ነው ያልሽው። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቴ ብቻዬን እየሰፋሁ የምኖር ነኝ። ይህ ሥራ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ረዘም ቢል ታገሽኝ።

ይቻላል። ግን አንድ ነገር ቀድመሽ ያዥ። ብቻሽን ስትሠሪ የምትሸጪው ሰዓትሽን ነው። ጨርቁ ከሸማኔው ይመጣል፣ ክሩና ገበሩ ከመርካቶ ይመጣል። ሰዓቱ ግን ካንቺ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሲያልቅ ከየትም አይገዛም። ዋጋውም፣ ቀጠሮውም፣ "እሺ" እና "አይ" የምትይበትም ከዚህ ነው የሚነሳው።

ብዙ ሰው ዋጋ የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ሱቅ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቆ ነው። ያ ሱቅ ሰፊዎች ቀጥሮ ይሆናል፣ ጨርቅም በጅምላ ይወስዳል። የሱ ዋጋ ላንቺ አይሆንም። እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። ቁጥሮቹን ለሒሳቡ ብዬ ነው ያወጣኋቸው፣ የዛሬውን ገበያ ራስሽ ተኪበት። በወር 24 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ትሠሪያለሽ እንበል፤ 192 ሰዓት ነው። ሁሉም ግን ስፌት አይደለም። ሽሮ ሜዳ ትወጫለሽ፣ መርካቶ ዚፕ ትፈልጊያለሽ፣ ደንበኛ ትለኪያለሽ፣ ስልክ ትመልሻለሽ፣ ፎቶ ታነሻለሽ። መቀስና መርፌ ይዘሽ የምትቀመጪበት 120 ሰዓት ካገኘሽ ጥሩ ነው። ለራስሽ በወር 36,000 ብር ደሞዝ፣ ለመብራት፣ ለስልክና ለማሽን ጥገና 12,000 ብር ያስፈልግሻል እንበል። 48,000ን ለ120 ስታካፍይው አንዱ ሰዓትሽ 400 ብር ይሆናል። አንዲት ቀሚስ ከቅዷ እስከ መጨረሻው ተኩስ 15 ሰዓት ከፈጀች የእጅሽ ዋጋ 6,000 ብር ነው። ጨርቅ፣ ገበር፣ ክርና ታክሲ 7,300 ብር ከወጣባት ድምሩ 13,300 ይመጣል። በዚህ ላይ አሥር በመቶ ጨምሪበት፤ ለተበላሸ ጨርቅና ለቀዘቀዘ ወር መጠባበቂያ ነው። 14,630 ብር።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላ ቁጥር ይወጣል። እኔ ከዋጋው አብልጬ የማየው እሱን ነው። 120 ሰዓት ለ15 ሲካፈል ስምንት ነው፤ በወር ስምንት ቀሚስ። ዘጠነኛዋ ደንበኛ ስትመጣ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ትሰጫታለሽ። እሺ ብለሽ ከተቀበልሽ ግን ወይ እንቅልፍሽ ነው የሚሄደው ወይ የስምንቱ ሰዎች ስፌት። በሌሊት የተሰፋ ልብስ ደግሞ አንገቱ ላይ ያስታውቃል። ይህን ቁጥር ጽፈሽ ከማሽንሽ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። የዓመት በዓል ሰሞን ስልክ ሲደወል ዓይንሽ እዚያ ላይ ይረፍ።

ሰዓቱን ለማወቅ ደግሞ ግምት አይሠራም። አሁን እየሰፋሽ ያለሽውን ልብስ ይዘሽ፣ ስትጀምሪና ስትነሺ በስልክሽ መዝግቢ። ጥልፉን ለብቻ፣ ስፌቱን ለብቻ። ሁልጊዜ ሰው ካሰበው በላይ ነው የሚወጣው፤ በተለይ ጥልፍና መዘምዘም።

ደሞዜን ይተካል ወይ ላልሽው፣ መልሱ ያለው በዓመቱ ውስጥ ነው። የኛ ሥራ ማዕበል አለው። ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ ይጀምራል። ከዚያ ለገናና ለጥምቀት ይመጣል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለውን ተረት ጥር 8 ማታ ደጅሽ ቆማ የምትነግርሽ ደንበኛ አታጪም። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ቀና ብለሽ አታይም። ከዚያ 55 ቀን ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም፣ ስልኩም ጭር ይላል። መጨረሻው ላይ ለፋሲካና ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርጎች እንደገና ይሞቃል። ክረምቱ ደግሞ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀዝቃዛ ነው። ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ዘመን መቁጠሪያውን አይተሽ ቦታ ያዥለት።

ስለዚህ ሥራሽን በጥር አትልቀቂ። የጥር ገንዘብ ያታልላል። ቢሮሽን ሳትለቂ አንድ ሁዳዴ እለፊና የሚመጣልሽን ሥራ ተመልከቺ። በዚያ ጊዜ የቤት ኪራይሽን የሚሸፍን ትዕዛዝ ካለሽ ልቀቂ። ከሌለሽ አንድ ዓመት ጨምሪ። አሁን የምነግርሽ ይህን ሥራ ስለምወደው ነው። እጃቸው ወርቅ የሆነ ልጆች በሁዳዴው ደርቀው ማሽናቸውን ሲሸጡ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ በቀዝቃዛው ወር የዓመት በዓል ልብስ አልጠብቅም። ከሽመና ጨርቅ አጠር ያለ፣ ለቢሮ የሚለበስ ቀሚስና ጃኬት እሠራለሁ። ጥለቱ ቀጭን ነው፣ ኪስ አለው፣ ቤት ውስጥ ይታጠባል። ደንበኞቼ የሚያውቁኝም በሱ ነው። አንቺም አንድ የምትታወቂበት ነገር ምረጪ። "ሁሉንም እሰፋለሁ" ያለች ሴት ፊት የወንድ ሱሪም የመጋረጃ ጨርቅም ይመጣል፣ ሁሉም አዲስ ቅድ ይፈልጋል፣ ሰዓቷም እዚያ ያልቃል። አንድ ዓይነት ቅድ ደጋግመሽ ስትሠሪ ግን ፓተርንሽ በካርቶን ተቆርጦ ይቀመጣል፣ እጅሽ ይለምደዋል፣ 15 ሰዓት የነበረው እየቀነሰ ይመጣል። ዋጋውን አትቀንሺ። ያ ትርፍ ሰዓት ያንቺ ነው።

ከፋብሪካ በታተመ ጥለት ከሚሸጠው ልብስ ጋር በዋጋ አትሽቀዳደሚ፣ አትችይውም። ደንበኛ "እዚያ ግማሽ ዋጋ ነው" ስትልሽ አትቆጪ፣ ጨርቁን ገልብጠሽ አሳያት። በእጅ የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ቀለሙ ሙሉ ነው፣ ክሩ ሲመላለስ ይታያል፣ በጣትሽ ስትዳስሺው ከፍ ይላል። የታተመው ጀርባው ፈዛዛ ነው፣ ሲዳሰስም ልሙጥ ነው። ይህን ካየች በኋላ ርካሹን ከመረጠች መብቷ ነው፣ በሰላም ሸኛት።

ስለ ሸማኔ ልንገርሽ፤ ይህ ቦታ የብዙ ሰው ሥራ የሚቆምበት ነው። ሽሮ ሜዳና አካባቢው ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ናቸው፣ ዶርዜዎችም አሉበት። መስቀል ለነሱ ትልቁ በዓል ነው፤ የቻለ ሁሉ አገሩ ይገባል። እንቁጣጣሽ አልፎ ለጥቅምት ሰርግ የሚሆን ጨርቅ መስከረም 15 ልታዢ ብትሄጂ ሸማኔሽን አታገኚውም። የምትፈልጊውን ነሐሴ ላይ ተናገሪ፣ ቀብዱን ስጪው። ክር ለመግዛትም እጁ ላይ ብር ያስፈልገዋል።

ትዕዛዝ ስትሰጪ ደግሞ በስልክ ፎቶ አትላኪ። የስልክ መስታወት ቀለም ይለውጣል። የክሩን ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠቅልለሽ በእጁ ስጪው። የጥለቱን ስፋት በቃል አትንገሪው፣ በዚያው ስፋት ወረቀት ቁረጪና ስጪው፣ የሽመና ዕቃው ላይ እየለካ ይሠራበታል። የግርጌውና የደረቱ ጥለት ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅም በሴንቲ ሜትር ጻፊ። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ሙሉ ገንዘቡን ክፈይ። በሰዓቱ የምትከፍል ሴት የዓመት በዓል ሰሞን ቅድሚያ ታገኛለች። ልብሱን ስትለጥፊ ደግሞ፣ እሱ ከፈቀደ፣ የሸመነው ማን እንደሆነ ጻፊ። ግማሹ ጥበብ የሱ ነው።

ጨርቁ ቤት ሲገባ ከመቅደድሽ በፊት እጠቢው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ካጠብሽው በኋላ ከቀደድሽው ደንበኛሽ ቤት ሄዶ አያጥርም። ከማጠብሽ በፊት ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ቀዩንና ጥቁሩን ጥለት እሺው። ነጩ ከቀላ ያ ክር ቀለም ይለቃል፣ ለሸማኔው መልሺለት። ስትቀጂ የመሃሉን መስመር በክር ምልክት አድርጊ፤ ፊት ለፊት የሚገጣጠመው ጥለት ትንሽ እንኳ ከፍና ዝቅ ካለ መስታወት ፊት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። በጎንና በጎን ለማስፋት የሚሆን ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። ሙሽራ ከሰርጓ በፊት ትከሳለች ወይ ትወፍራለች፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ ሳምንት ሲቀራት እዪ።

ሰርግ ከመጣ ሙሽራዋን ብቻ ውሰጂ፣ የመልስ ልብሷን ጨምሮ። አሥር ሚዜና የሁለት ቤተሰብ እናቶች በአንድ ቀን የሚለብሱትን ብቻሽን እሠራለሁ ማለት ለማንም አይበጅም። ለነሱ የምታምኛትን ሌላ ሰፊ ጠቁሚ። እሷም አንድ ቀን ሰው ትልክልሻለች።

ቀብድ ግማሹን ነው፣ ያለ ቀብድ መቀስ አይነሳም። በቴሌብር ወይም በባንክ ትላክ፣ ደረሰኙ ይቀመጣል። የተስማማችሁትን፣ ማለትም ቀለሙን፣ ልኩን፣ የመረከቢያ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ በቴሌግራም ጽፈሽ "ተስማምቻለሁ" አስብያት። አንድ ማስተካከያ በነፃ፣ ከዚያ በኋላ በሰዓትሽ ዋጋ። ዘመድ ሲመጣ የሚከብድሽ ይመስለኛል፣ በኛ አገር ሁላችንንም ይከብደናል። እኔ ሙሉውን ዋጋ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ የቀነስኩትን እጽፋለሁ። አክስቴ ስንት እንደተደረገላት ታያለች፣ ደስ ብሏት ትከፍላለች። ለጎረቤቷም የምትናገረው ሙሉውን ዋጋ ነው።

ፎቶ ስትለጥፊ ዋጋውን አብረሽ ጻፊ። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚባለው ነገር አይገባኝም። ሰው ይሸሻል፣ አንቺም ቀኑን ሙሉ "ስንት ነው?" ስትመልሺ ትውያለሽ፣ እሱም ከ120 ሰዓት ነው የሚቀነሰው። የሌላ ዲዛይነር ፎቶ ይዛ "ቁርጥ ይህንን" ለምትልሽ ደግሞ፣ የወደደችው ምኑን እንደሆነ ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ አንገቱ ወይም እጅጌው ነው። ከዚያ ተነስተሽ የራስሽን ሣይላት። የሰው ሥራ እንዳለ መገልበጥ ልክ አይደለም፣ ስምሽንም አያስነሳም።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል፣ ከዱባይ የሚያዝዙ እህቶች ጥሩ ደንበኞች ናቸው፣ ልክ ግን በሩቁ ያስቸግራል። በሜትር ራሷን እንድትለካ አትጠይቂያት። በደንብ የሚሆናትን ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግታ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ዳሌውንና ርዝመቱን ለክታ በቪዲዮ ታሳይሽ። ዕቃው ከመሄዱ በፊት ሙሉ ክፍያ ይግባ። በሰው የሚላክ ከሆነ ሰውየው የሚበርበትን ቀን ሳይሆን ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ያለውን ቀን መረከቢያ አድርጊ።

ሱቅ አሁን አያስፈልግሽም። ለኪራይ የምታወጪውን ጨርቅ ላይ አውዪው። ቤትሽ ውስጥ መጋረጃ ያለው ጥግ፣ ቁመት ሙሉ መስታወትና ጥሩ መብራት ይበቃል። ከማሽን በፊት ጥሩ ካውያ ግዢ፤ እያንዳንዱ ስፌት እንደተሰፋ ካልተተኮሰ ልብሱ የቤት ሥራ ይመስላል። የእግር መኪና ካለሽ አትሽጪው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን፣ እና ንግድ ፈቃዱን ከጅምሩ አውጪ። የግብሩን ነገር ወረዳሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ ሕጉ ስለሚሻሻል የሰው ወሬ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን ማሽንሽ ላይ ያለውን ልብስ ሰዓት መዝግበሽ ጨርሺና ከወጪው ጋር እዚሁ ሥር ጻፊልኝ። ዋጋውንና በወር ስንት እንደምትችይ አብረን እናሰላዋለን።