«ናፈቅኩህ» ብላው ሳቀባት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከእናቴ ጋር ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገባን። እጮኛዬ ደግሞ ለሥራ ዱባይ ነው ያለው። ባለፈው ሰሞን ማታ «በጣም ናፈቅኩህ» ብዬ ጻፍኩለት። «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ተናደድኩ። ጠዋት ለእናቴ ስነግራት እሷም ሳቀችብኝ። «ናፈቅከኝ ነው የሚባለው» አለች። እሷ ራሷ ግን ቡና እያፈላች «ኤዲያ፣ ሰፈሬን ናፈቅሁ» ስትል ሰምቻታለሁ። እሷ «ሰፈሬን ናፈቅሁ» ካለች እኔ «ናፈቅኩህ» ብል ምን ነውር አለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ እጮኛሽን ይቅር በይው። ቀልዱ ክፋት የለበትም። አንቺ የእሱ ናፍቆት እንዳስቸገረሽ ልትነግሪው ፈልገሻል። እሱ ያነበበው ግን «የእኔ ናፍቆት አስቸግሮሃል» የሚል ነው። «እንዴት አወቅሽ?» ማለቱ «ልክ ነሽ፣ ናፍቀሽኛል» ማለቱ ነው። ካሰብሽው ጥሩ መልስ ነው የመለሰልሽ።

አሁን ወደ ቃሉ። አማርኛ ውስጥ ሰው በራሱ ላይ የሚደርስበትን ነገር ሲናገር ራሱን ባለቤት የማያደርግባቸው ግሦች አሉ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ሰለቸኝ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ አድራጊ አይደለሁም። ቃሉ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኜ ተንጠልጥያለሁ። ነገሩ እኔን አገኘኝ እንጂ እኔ አላደረግሁትም።

ናፍቆትም ከእነዚህ ወገን ነው። አንድ ልዩነት ግን አለው። በ«ራበኝ» ውስጥ ማን እንደራበኝ አይታወቅም፤ አድራጊው ስም የለውም። በ«ናፈቅከኝ» ውስጥ ግን አድራጊው በግልጽ አለ። አንተ ነህ። ዱባይ ቁጭ ብለህ፣ ምናልባትም ተኝተህ፣ እዚህ አዲስ አበባ ያለችውን ሴት የምትናፍቃት አንተ ነህ። እሷ ተቀባይ ናት።

ከ«እወድሃለሁ» ጋር አስተያዪው። መውደዱ የእኔ ሥራ ነው። ጠላሁህ፣ አመንኩህ፣ ፈራሁህ፣ ጠበቅኩህ፣ ሁሉም የእኔ ሥራ ናቸው። ስለዚህ «ወደድኩህ» የለመደ አንደበት «ናፈቅኩህ» ቢል አይገርምም። ቅርጹ አንድ ነው። ትርጉሙ ግን ይገለበጣል።

ይህን ትምህርት ቤት አይደለም የተማርኩት። ልጅ ሆኜ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስናድግ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ደብዳቤ ያጽፉኝ ነበር። ልጃቸው አሰብ ይሠራል። መደብ ላይ ይቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ይጀምራሉ። «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ በል።» እኔ ደግሞ ጎበዝ ለመባል ከራሴ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ልጄ ሆይ፣ በጣም ናፍቄሃለሁ።» ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላቸው። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ምን አልክ አንተ?»

ደገምኩላቸው።

«እኔማ መች ናፍቄው! ናፍቄው ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ይጽፍልኝ አልነበር? ሰርዘው።»

ሰረዝኩት። ደብዳቤው ዋናው ፖስታ ቤት የተጣለው ስርዙን እንደያዘ ነው። ማንበብ የማይችሉ ሴት በጆሯቸው ብቻ ባለቤትና ተሳቢውን ለይተው አረሙኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሰዋስው መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ነገሩን እንዲህ ባጭሩ ያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

እሳቸው ያስጻፉኝን የመጀመሪያውን መስመርም ልብ በይ። «ካንተ ናፍቆት በስተቀር» ነው ያሉት። ናፍቆቱ የሚሰማው እናትየው ልብ ውስጥ ነው። ባለንብረቱ ግን ልጁ ነው፤ «ያንተ ናፍቆት»። «ናፍቆትህ ሊገድለኝ ነው» ስንልም እንዲሁ። የራቀው ሰው ባለቤት የሚሆነው በግሡ ብቻ ሳይሆን በስሙም ጭምር ነው። የከተማው ሰላምታም ከዚህ አይርቅም። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ሁለት የቆዩ ጓደኛሞች ሲገናኙ አይተሽ ከሆነ፣ ተቃቅፈው ሳይላቀቁ «ጠፋህ!» «አንተ ነህ የጠፋኸው!» ይባባላሉ። ክስ ይመስላል። ናፍቆት ነው። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ወደዚያኛው ነው።

እናትሽ ወዳሉት እንምጣ። «ሰፈሬን ናፈቅሁ።» ተሳስተዋል? የለም። ይኸኛው ሌላ አገባብ ነው፤ እሱም ትክክል ነው። ናፈቀ ሁለት ኑሮ ያለው ግሥ ነው። በአንደኛው ኑሮው ሰፈሩ ይመጣብኛል፤ ሰፈሬ ናፈቀኝ። በሁለተኛው እኔ ሰፈሩን እመኛለሁ፣ እፈልገዋለሁ፤ ሰፈሬን ናፈቅሁ። በዚህኛው ናፍቆት የእኔ ሥራ ይሆናል። «ሰላም የሚናፍቅ ሕዝብ» የምንለው በዚህ ነው። «ናፋቂ» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። በፖለቲካው መንደር «ያለፈው ሥርዓት ናፋቂ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ስድብ ነው። ስድብ ሊሆን የቻለው ደግሞ ሰውየው አድራጊ ስለሆነ ነው። «ያለፈው ሥርዓት ናፈቀው» ቢባል ኖሮ ሰው ያዝንለት ነበር፤ ምን ያድርግ፣ መጣበት። «ናፋቂ» ከተባለ ግን ፈልጎ፣ አስቦ፣ ሥራዬ ብሎ ነው።

ስለዚህ እናትሽ «ሰፈሬን ናፈቅሁ» ሲሉ ከ«ሰፈሬ ናፈቀኝ» ትንሽ የጠነከረ ነገር ተናግረዋል ባይ ነኝ። ውል ብሎ የሚያልፍ ስሜት አይደለም። ይዘውት የተቀመጡት ነገር ነው።

ታዲያ አንቺስ በዚሁ አገባብ «ናፈቅኩህ» ብል ምን አለ ትያለሽ። በደንቡ መከልከል አይቻልም። ችግሩ ጆሮ ነው። ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ፣ አንተና እኔ ሲባባሉ፣ የመጀመሪያው ኑሮ አሸንፏል። «አንተን እናፍቃለሁ» ብለሽ «አንተን»ን ለብቻው ብታወጪው ይገባዋል፤ ትንሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል እንጂ። «ህ»ን ግሡ ላይ ከለጠፍሽ ግን ሰሚው የሚወስደው በተለመደው መንገድ ነው።

ድርሰት ወይም የድራማ ጽሑፍ የምትጽፉ ደግሞ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። «አባትየው ልጅቷን ናፈቃት» ብላችሁ ብትጽፉ ማን ነው የተቸገረው? አባትየው ልጁን እየተመኘ ነው? ወይስ ልጅቷ ናት አባቷ የናፈቃት? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይችላል። አንዲት «ናፈቃት» ሁለት ሰው ታስለቅሳለች። «አባትየው ልጁ ናፈቀችው» በሉ፤ ጥርጥሩ ይቀራል።

በነገራችን ላይ «ናፈቅሁህ» በ«ሁ» ይሁን በ«ኩ»፣ «ናፈቅኸኝ» በ«ኸ» ይሁን በ«ከ» አትጨነቂ። ቀደም ያለው ጽሑፍ «ሁ»ንና «ኸ»ን ይመርጣል። ከተማው «ኩ»ና «ከ» ይላል። እኔም እንደ ቀኑ ነኝ።

ጊዜውም የራሱ ጣጣ አለው። «ናፈቅከኝ» ቅርጹ ያለፈ ነገር ይመስላል፤ ስሜቱ ግን አሁን ነው። «ራበኝ» ያለ ልጅ ትናንት ራበኝ ማለቱ አይደለም፤ ምሳ አምጪ ነው የሚለው። «ናፍቀኸኛል» ትንሽ ሰንበትበት ያለ ነው። «ናፍቀኸኝ ነበር» የሚባለው ሲገናኙ ነው፣ አንገት ለአንገት ሆኖ። «ትናፍቀኛለህ» ደግሞ የመለያያ ነው፤ ቦሌ መግቢያው ላይ፣ ሻንጣው ሲገፋ። ሰው ገና ሳይሄድ ነው የሚጀመረው።

ያንቺን «ናፈቅኩህ» የገፋው ሌላም ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ ካፌ ቁጭ ብዬ ወጣቶቹን ስሰማ «ሚስ አድርጌሻለሁ»፣ «ሚስ አደረግኩህ» ይላሉ። ቃሉ ከእንግሊዝኛ መጣ፣ «አደረገ» ተቀጠለበት፣ አማርኛ ሆነ። መዋስ ኃጢአት አይደለም። ግን ያ «አደረግኩ» አንድ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ናፍቆትን የናፋቂው ሥራ አድርጎታል። «ሚስ አደረግኩህ» የለመደ ሰው ወደ አማርኛው ሲመለስ ያንኑ «ኩህ» ይዞት ይመለሳል፤ «ናፈቅኩህ» ይላል። እኔ በበኩሌ «ሚስ አደረግኩህ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ግን አንጀቴን አይበላውም።

ስለ ሰፈርሽ ካነሳሽ አይቀር፣ ሦስት የሚምታቱ ቃላት አሉ፤ ትዝ አለኝ፣ ውል አለኝ፣ ናፈቀኝ። ባለፈው በታክሲ ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው በመስኮቱ እያዩ «እዚህ ጋ ነበርኮ ቤታችን» አሉ። የሚታየው ሰፊ መንገድና አዲስ የመብራት ምሰሶ ነው። ትንሽ ዝም ብለው «የእናቴ ቡና ሽታው ውል አለኝ» አሉ። ትዝ አለኝ አላሉም። «ትዝ አለኝ» የአእምሮ ነው፤ የረሳሁት ቁልፍም ትዝ ሊለኝ ይችላል። «ውል አለኝ» ድንገት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነው፤ መልክ፣ ሽታ፣ ድምፅ። ይዞ ለመቆየት አይመችም። ናፍቆት ግን ይቆያል። ደግሞም ናፍቆት ትዝታ የግድ አያስፈልገውም። ያላየሽው አገር ሊናፍቅሽ ይችላል። ያላየሽው ነገር ግን ትዝ ሊልሽ አይችልም። እናትሽ ወደፊት የልጅ ልጅ ቢያዩ፣ ያ ልጅ ከእሳቸው ወሬ ብቻ ዶሮ ማነቂያ ሊናፍቀው ይችላል።

ሙዚቃው ላይ «ትዝታ» ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ማሲንቆው ገና ሲጀምር፣ ግጥሙ ሳይመጣ፣ ሰው አንገቱን ያቀረቅራል። ናፍቆት የሚባል ቅኝት ግን የለም። ሁለቱም የሰው ስም መሆናቸው ግን እኩል ያደርጋቸዋል፤ ትዝታም ናፍቆትም ብለን ልጅ እንጠራለን።

አንድ አንባቢ ደግሞ ቀደም ሲል «ናፍቆት» እና «መናፍቅ» ዘመዳሞች ናቸው ወይ ብሎኝ ነበር። ለእሱም እዚሁ ልመልስ። መናፍቅ ከግእዝ ነው፤ ልቡ የተከፈለ፣ የሚጠራጠር ማለት ነው። «መንፈቅ» ግማሽ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት፣ መንፈቀ ዓመት እንላለን። ፊደላቸው ነ፣ ፈ፣ ቀ መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚህ ተነስቶ «የናፈቀው ሰው ግማሹ ሌላ ቦታ ነው» እያሉ መፍታት ያምራል፤ ሰርግ ላይ ያስጨበጭባል። እኔ ግን ከሚገባው በላይ ያማረ ፍቺ ሳይ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ።

ወዳንቺ ልመለስ። ዛሬ ማታ «ናፈቅከኝ» ብለሽ ጻፊለት። «አንቺም» ካለሽ ሰዋስውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንቺም ናፈቅሽኝ ማለቱ ነው። «እኔም» ቢልሽም አትቆጪው። «እኔ ራበኝ» እንደምንለው «እኔም ናፈቅሽኝ» ይባላል፤ እሱ አሳጥሮት ነው።

ያቺ የሳቀባት «ናፈቅኩህ» ደግሞ አትጣይ። የጎደላት አንድ ምልክት ብቻ ነው። «ናፈቅኩህ?» ብለሽ ላኪለት። በዚህችኛዋ መሳቅ አይችልም፤ መልስ ይጠበቅበታል።