ጥያቄና መልስ፦ ለሳሎን የሚሆን ስፒከር አመራረጥ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሳሎናችን 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር የሚሠሩ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ለመግዛት ሱቅ ስጠይቅ አንዱን «1200 ዋት» የተጻፈበት፣ ሌላውን 50 ዋት ብቻ ሆኖ ዋጋው እጥፍ የሆነ አሳዩኝ። ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የትኛውን ልግዛ? (ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት)

መልስ፦ ባለ 50 ዋቱን፣ ግን ከሰሙት በኋላ። 1200 የሚለው ቁጥር «ፒኤምፒኦ» በሚባለው አቆጣጠር የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ይህ አቆጣጠር እንዴት እንደሚለካ የሚወስን ደንብ ስለሌለው አምራቹ ያሻውን ያህል ሊያሳብጠው ይችላል። ሊታመን የሚችለው «አርኤምኤስ» (ያለማቋረጥ የሚዘልቅ አማካይ ዋት) ተብሎ የተሰጠው ነው። እሱም ቢሆን አምፕሊፋየር ያልተገጠመለት ስፒከር ላይ ሲጻፍ ስፒከሩ የሚያወጣውን ጉልበት አያሳይም፤ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ነው የሚናገረው።

ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግርዎት «ሴንሲቲቪቲ» የሚለው መስመር ነው። 86 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ከተባለ፣ 1 ዋት ተሰጥቶት 1 ሜትር ርቀት ላይ 86 ዴሲቤል ያሰማል ማለት ነው። እርስዎ 2.5 ሜትር ርቀው ሲቀመጡ 8 ዴሲቤል ገደማ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ስፒከርና ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ የተወሰነውን ይተካሉ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 1 ዋት ብቻ እየወሰዱ 80 ዴሲቤልን ያልፋሉ፤ በዚያ መሐል ለመነጋገር ድምፅዎን ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዋቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 30 ዋት አምፕና ባለ 50 ዋት አምፕ የሚለያዩት በ2 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ለዚያ ልዩነት ብዙ ብር አይክፈሉ። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፦ ብዙ አምራቾች የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። ይህ ቮልት በ8 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ) 1 ዋት፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ 87 ዴሲቤል የተባለ ባለ 4 ኦም ስፒከር በእውነተኛው 1 ዋት 84 ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ቤዙ ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል የሚለው ነው። እዚህም ቁጥሩ በምን ሁኔታ እንደተለካ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም። የያማሃን ኤችኤስ5 ስፒከር እንውሰድ። 54 ኸርዝ (በሰከንድ 54 ንዝረት) ይደርሳል ይባላል፤ ይህ ግን ድምፁ በ10 ዴሲቤል ከደከመ በኋላ ያለው ነው። በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲቀንስ የሚገኘው ትክክለኛ ወሰን 74 ኸርዝ ነው፤ ያማሃ ሁለቱንም በግልጽ ይጽፋል። ብዙ የሚወደሰው የኬፍ ኤልኤስ50ም በ3 ዴሲቤል ልኬት 79 ኸርዝ ላይ ያበቃል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ስለሆነ ትንሽ ስፒከር ሥሩን ሙሉ በሙሉ አያሰማም፤ ጆሮ ግን ከሥሩ በላይ ካሉት ንዝረቶች ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላዋል። ለእርስዎ 14 ካሬ ሜትር ክፍል ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ይበቃል። ትልቅ ሳጥን ካስገቡ ቤዙ ክፍሉን ሞልቶ የዘፋኙን ቃል ይውጠዋል።

የሳጥኑን ነገር በእጅ ይመርምሩ። ጥሩ ባለ 5 ኢንች ስፒከር አንዱ ብቻውን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ጎኑን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ድፍን፣ አጭር ድምፅ መስጠት አለበት። እንደ ባዶ ካርቶን የሚያስተጋባ ከሆነ ስስ ቺፑድ ነው፤ ሳጥኑ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ከዘፈኑ ጋር ይዘፍናል። ወፈር ያለ ኤምዲኤፍ ይሻላል።

ሲሰሙት አምፑ ላይ ያለውን «ላውድነስ» እና የቤዝ ጭማሪ ያስጠፉ። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ቮልዩሙን እኩል ያስደርጉ፤ በ1 ዴሲቤል እንኳ የበለጠ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። መፈተኛው ዘፈን ደግሞ ጆሮዎ በቃሉ የሚያውቀው ይሁን። በገና ከሁሉ በላይ ያጋልጣል፦ ክሮቹ ከድልድዩ ጋር በሚነካኩበት ቦታ የገባው የቆዳ እንዝራ የሚፈጥረው ንዝረት ከታች እስከ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ፣ በደካማ ስፒከር ላይ ከታች ጉርምርምታ፣ ከላይ ደረቅ ጭረት ብቻ ሆኖ መሐሉ ይጠፋል። የድሮ የሸክላ ቅጂዎችም ብዙዎቹ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ) ናቸውና ይጠቅማሉ፤ ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል ከአንድ ነጥብ እንደሚወጣ ሆኖ መሰማት አለበት። ከተበተነ ወይም ወደ አንዱ ካዘነበለ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል አይደሉም፣ ወይም ከአንዱ ላይ ሽቦው ተገልብጦ ተገጥሟል። «ሰ» እና «ሸ» የሚበዙበት ንግግርም ያሰሙ፤ ፊደሎቹ የሚፋጩ ከሆነ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ) አያስተማምንም።

ስም ከፈለጉ፣ ለእንዲህ ያለ ሳሎን ኢላክ ዴቡት ቢ5.2ን በደስታ እንመክራለን፦ 5.25 ኢንች ዉፈር፣ 6 ኦም፣ 86 ዴሲቤል። አምፕ ለብቻው መግዛት ካልቻሉ አምፑ ውስጡ ያለበት ኤዲፋየር አር1280ቲ አለ፤ በጠቅላላው 42 ዋት ነው፣ በዚያ መጠን ክፍልም አያንስም። የቁጥር ትንሽነት የጥራት ማነስ እንዳልሆነ ለማየት፣ የቢቢሲ መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ለስርጭት መኪና የነደፉት ኤልኤስ3/5ኤ ሴንሲቲቪቲው 82.5 ዴሲቤል ብቻ ነበር፤ የሰውን ድምፅ እንዳለ በማሰማቱ ግን እስከ ዛሬ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ አምፑ ውስጡ ያለ ስፒከር ታመጣልኛለች። የአሜሪካ ዕቃ እዚህ ይቃጠላል ይሉኛል፣ እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመግዛቷ በፊት የስፒከሩን ጀርባ ፎቶ አንሥታ ትላክልዎ። «100-240 ቮልት» ከተጻፈ ጭንቀት የለም፤ የሶኬት አስማሚ ብቻ በቂ ነው። 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለው ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዙር፤ ፊውዙም በጀርባው ላይ ለ230 በተጻፈው ይቀየር። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ግን እንዲሁ እንዳይሰኩት። እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲገባበት የውስጡ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ጅረት ይስባል፤ ዕድለኛ ከሆኑ ፊውዙ ብቻ ይበጠሳል፣ ካልሆኑ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ ይሄዳሉ።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያድነዋል። መጠኑ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ቢያንስ 1.5 እጥፍ ይሁን። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ 60 ኸርዙን አይመልስም። ይህ ስፒከሩን ብዙም አይጎዳውም፣ ቢበዛ ትንሽ ሁምታ ነው። በቀጥታ በመብራት ኃይል የሚዞር ሞተር ያለው የአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ግን በእኛ 50 ኸርዝ በደቂቃ 33.3 መዞሩ ቀርቶ ወደ 27.8 ይወርዳል፤ ዘፋኙ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ይኖረዋል። ውስጡ አምፕ የሌለው ስፒከር ከሆነ ከመብራት ጋር ስለማይገናኝ ከየትም ይምጣ ይሠራል። ስታቢላይዘር ይኑረው፣ መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ጉዳቱ የሚደርሰው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ስፒከር ገዝቼ ቡፌው ውስጥ፣ በቲቪው ግራና ቀኝ አስቀመጥኩት። ቤዙ «ቡም ቡም» ይላል፣ ግጥሙ አይሰማም። ስፒከሩ ተበላሽቷል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። ሊቀይሩት ካሰቡ እባክዎ ይታገሱና መጀመሪያ ከቡፌው ያውጡት። በሦስት በኩል በእንጨት ሲከበብ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ይሆናል፤ ጀርባው ላይ የቤዝ ቀዳዳ ካለው ደግሞ አየሩ እዚያው ታፍኖ ያጉረመርማል። ጥግ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው፣ ሁለት ግድግዳና ወለል ቤዙን ያባዙታል።

ክፍሉ ራሱም የሚወደው ድምፅ አለው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ፣ 3.5 ሜትሩ ደግሞ 49 ኸርዝ አካባቢ ያብጣል (343ን ለርዝመቱ እጥፍ ሲያካፍሉ የሚገኝ ነው)። ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጠግተው ከተቀመጡ ይህን እብጠት የበለጠ ይሰሙታል፤ ሶፋውን 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መሳብ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል።

ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎን ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ያርቁ። በመካከላቸው ከ1.8 እስከ 2.2 ሜትር ይኑር፣ እርስዎም ከእያንዳንዳቸው ያን ያህል ይራቁ፣ ሦስት ማዕዘን እንዲሠራ። ቱዊተሩ ተቀምጠው ጆሮዎ ባለበት ከፍታ ይሁን፤ ይህ ከወለል 90 ወይም 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስፒከሩ ራሱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 65 ሳንቲ ሜትር ማቆሚያ ይበቃዋል። የውጭ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም፦ ብየዳ ቤት ባለ 60 ሚሊሜትር ቱቦላሬ፣ ከታች 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ላሜራ፣ ከላይ የስፒከሩን ልክ ላሜራ ያሠሩ። ቱቦላሬውን በደረቀ አሸዋ ይሙሉት፣ ባዶ ከሆነ ይጮሃል። ከላይኛው ላሜራና ከስፒከሩ መካከል አራት ቁራጭ ጎማ ያስገቡ። ቡፌው ላይ ከመሆን ሌላ አማራጭ ከሌለዎት፣ ላዩ ላይ ይሁንና ፊቱ እስከ ጠርዙ ይምጣ፣ የጀርባው ቀዳዳም በስፖንጅ ይደፈን። ቤዙ ይቀንሳል፣ ቃሉ ግን ይጠራል።

ከዚያ በክፍሉ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ስል የሆነ «ትርርር» ከተከተለ የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። በስፒከሩና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ለስፒከር ሽቦ ልዩ ውድ ገመድ ያስፈልጋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አያስፈልግም። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ 5 ሜትር ቢጓዝ ደርሶ መልሱ 0.12 ኦም ገደማ ብቻ ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ኢምንት ነው። ከ8 ሜትር በላይ ወይም ባለ 4 ኦም ከሆነ 2.5 ይግዙ። ብቸኛው ማታለል መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፦ ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያገለገሉ የጃፓንና የእንግሊዝ ስፒከሮች አሉ። ምን አይቼ ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መሸፈኛ ጨርቁን ያስወልቁ። የዉፈሩ ዙሪያ ስፖንጅ ከሆነ በጣት በቀስታ ይንኩት፤ ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ እየፈረሰ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጎማ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። የፈረሰ ስፖንጅ ይቀየራል፣ ዋጋውን ግን ያስቀንሱበት። ከዚያ በሁለቱም እጅ ጣቶች ኮኑን (መሐሉ ላይ ያለውን ሾጣጣ) እኩል ወደ ውስጥ ይጫኑ። «ክርርር» ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያንን ይተዉት።

መልቲሜትር ይያዙ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከጀርባው ሲለካ ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.7 ያሳያል። ይህ ግን ዉፈሩን እንጂ ቱዊተሩን አይፈትንም፣ ከፊቱ ካፓሲተር አለና። ለቱዊተሩ ዘፈን ከፍተው ጆሮዎን ያስጠጉ፤ በሁለቱም በኩል እኩል መሰማት አለበት። የ1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ለቅጽበት ሲያስነኩ የሁለቱም ኮን ወደ ውጭ ካልወጣ፣ አንድ ቀን የከፈተው ሰው ውስጡን ገልብጦ ገጥሞታል። እንዲህ ያለው ጥንድ ቤዙ ይጠፋበታል፤ ሽቦውን ማስተካከል ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ጥሩ ስፒከር አይለፍዎት።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ 100 ዋት፣ አምፑ 30 ዋት ነው። ሆኖም ቱዊተሩ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። አምፑ ትንሽ ሆኖ ሳለ እንዴት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያቃጠለው ትንሽነቱ ነው። 30 ዋቱ አልበቃ ሲል ቮልዩሙ ይጨመራል፤ አምፑ ከዚያ በላይ መስጠት ስለማይችል የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሞገድ በከፍተኛ ድምፆች የተሞላ ነው፣ ክሮስኦቨሩም (ድምፁን ለዉፈርና ለቱዊተር የሚያከፋፍለው ክፍል) እነሱን በቀጥታ ወደ ቱዊተሩ ይመራቸዋል። ቱዊተር ደግሞ «100 ዋት» ከተባለው ውስጥ ሊቋቋም የሚችለው ጥቂቱን ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው ይቀንሱ፤ በአምፑና በስልኩ ላይ ቤዝና ትሬብል አብረው ከተጨመሩ ወደ መሐል ይመልሷቸው፣ 6 ዴሲቤል የቤዝ ጭማሪ ከአምፑ አራት እጥፍ ዋት ይጠይቃልና። ሰርግና በዓል ላይ ግቢ ለመሙላት ከሆነ የሚፈለገው ሞንታርቦ ነው፣ የሳሎን ስፒከር አይችለውም። ቱዊተሩን ሲያስቀይሩ ኦሙና ሴንሲቲቪቲው ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልተገኘ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ያስቀይሩ፣ አለበለዚያ ግራና ቀኙ የተለያየ ይጮሃል።